ጫካ ውስጥ ስንት ሌሊት ይበቃል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የመጡልኝ ደብዳቤዎች ከወትሮው ይበዛሉ። ባለፈው ጊዜ ካፋ ውስጥ፣ ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብላ ጫካ ዳር በምትገኝ ትንሽ ሎጅ አሥራ አንድ ዓመት እንግዳ ስቀበል እንደኖርኩ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ "መብራት አለ?" "ምን ይበላል?" "አውሬ አይመጣም?" የሚሉ ጥያቄዎች አላባሩም። ደስ ብሎኛል። አምስቱን መርጫለሁ።

"እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ወንዱ 12፣ ሴቷ 8 ዓመቷ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሀገር ቤት ይዣቸው እመጣለሁ። አራት ቀን ጫካ ሎጅ ልወስዳቸው አሰብኩ። እናቴ ግን 'በክረምት ጫካ? ልጆቹን ልታስታምሚ ነው?' አለችኝ። ልጆቹ ደግሞ 'ዋይፋይ አለ?' ነው ያሉት። ቀኑ እንዴት ነው የሚያልፈው? ይሰለቻሉ ብዬ ፈራሁ።"

እህቴ፣ እናትሽ የፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ካፋ ውስጥ ዝናብ ነው። እንደ ፍላጎቴ ቢሆን ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነበር የምጠራሽ። ያኔ ሰማዩ ይከፈታል፣ የጫካው ቡናም ይቀላል። ግን ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው፣ ምን ይደረግ። ከመቅረት በዝናብ መምጣት ይሻላል። ለልጆች ደግሞ ዝናቡ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አራት ቀን ስትይ መንገዱን ቆጥረሽ ነው? ከአዲስ አበባ ቦንጋ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በወልቂጤ፣ በግቤ በረሃ፣ በጅማ አድርገሽ ነው የምትመጪው። በመኪና አንድ ሙሉ ቀን ይበላል። እስከ ጅማ በአውሮፕላን መጥታችሁ የቀረውን በመኪና መጨረስም ይቻላል፤ ለልጆቹ እሱ ይቀላል። መሄጃውና መመለሻው ከተቀነሰ ጫካው ውስጥ የምትቆዩት ሁለት ቀን ብቻ ነው። እባክሽ አራት ሌሊት እዚያው እደሩ። እንግዶቻችን አንድና ሁለት ሌሊት አድረው ሲሄዱ ሁልጊዜ ይቆጨኝ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ድካም ነው። በሁለተኛው ጫማው ገና እየረጠበ፣ ልብሱ ገና እየሸተተ ነው። ሰው መልመድ የሚጀምረው በሦስተኛው ቀን ነው።

ቀኑን ልንገርሽ። የሚቀሰቅሳችሁ ጉሬዛ ነው። ጎህ ሊቀድ ሲል፣ ገና 12 ሰዓት ሳይሞላ፣ አንዱ ወንድ ጉሬዛ ዛፍ ላይ ሆኖ ይጮሃል። ጦጣ እንደሚጮኸው አይደለም። ወፈር ያለ፣ የሚንከባለል ድምፅ ነው፤ ትልቅ እንቁራሪት በርሜል ውስጥ ሆና የምትጮህ ይመስላል። ከዚያ ከማዶ ሌላው ይመልስለታል። ከሸለቆው ደግሞ ሦስተኛው። እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። ለልጆቹ ማታ ካልነገርሻቸው ይደነግጣሉ፤ ከነገርሻቸው ግን ሲጠብቁ ያድራሉ።

ቁርስ 1 ሰዓት ላይ ነው። 2 ሰዓት ላይ ከአስጎብኚ ጋር ትወጣላችሁ። በክረምት ብዙ ጊዜ ጠዋቱ ጉም ነው ወይ ካፊያ ነው፤ ዶፉ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ መንገዱን በጠዋት መጨረስ ነው። ሩቅ አትሂዱ። ሁለት ሰዓት ቀስ ብሎ መሄድ ይበቃል። ጫካ ውስጥ ብዙ የሚያየው የቆመ ሰው ነው።

አንድ ጊዜ ልክ እንደ ልጅሽ 12 ዓመት የሆነው ልጅ ከውጭ መጣ። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ስልኩን ወደ ላይ እያነሳ ኔትወርክ ሲፈልግ ዋለ። በማግሥቱ ከአስጎብኚው ጋር ዋንዛ ሥር ቆመው ሳለ ከላይ ቅጠል ወደቀበት። ቀና ሲል ዘጠኝ ጉሬዛዎች ተደርድረው ቁርስ ይበላሉ። ጥቁር ናቸው፣ ጀርባቸው ላይ ነጭ ካባ አላቸው። አንዷ ግን ደረቷ ላይ አንድ ነገር ለጥፋለች፤ ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ ጥጥ የመሰለ። ልጁ "ታማለች እንዴ?" አለ። አስጎብኚው ሳቀና ነገረው፤ የጉሬዛ ግልገል ሲወለድ ነጭ ነው፣ ጥቁሩ ፀጉር ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ልጁ ከዚያ በኋላ ደብተር ጠየቀኝ። ስንት እንዳየ፣ የት ዛፍ ላይ እንደነበሩ፣ ግልገሏን ማን እንደያዛት መጻፍ ጀመረ። ሌላዋ ሴት ጉሬዛ ተቀብላ ታቅፋት እንደነበር የነገረኝም እሱ ነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ በረንዳው ላይ ጃኬት ለብሶ ተቀምጦ አገኘሁት።

ከሰዓት በኋላ ዶፍ ነው። ይህን ሰዓት አትፍሪው። ቡና ይፈላል። ልጆቹ ማዕድ ቤት ገብተው ቆጮ ሲጋገር ያያሉ፣ በቆሎ ይጠብሳሉ። መጫወቻ ካርታም አምጪላቸው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ጫካው ረጅም ሰዓት ያንጠባጥባል፤ ሰማዩ ጠርቶ ዛፉ ሥር ገና ይዘንባል። ሴቷ ልጅሽ ያን ትወደዋለች ብዬ እገምታለሁ። 11 ሰዓት ላይ፣ ሳይጨልም፣ ገላ መታጠብ ነው። ራት 1 ሰዓት ተኩል። ከዚያ እሳት ዳር ጥቂት ተጫውታችሁ መተኛት።

ዋይፋይ የለም ብለሽ ንገሪያቸው። ስልክ አንዳንድ ቦታ ይሠራል፣ ለደህንነት ይበቃል።

ስለ ዕቃ፦ ቦቲ ጫማ ከጅማ መርካቶም ብትገዢ ይገኛል፤ የቆዳ ጫማ ግን አዲስ አበባ ተይው፣ በሦስት ቀን ይሻግታል። ጂንስ አታምጪ፣ አንዴ ከረጠበ አይደርቅም። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ቅያሪ ደረቅ ልብስ በፌስታል ጠቅልለሽ፣ በምንም ምክንያት እንዳይነካ አድርገሽ አስቀምጪ። ያ የሌሊት ልብሳቸው ነው። ቦንጋ ከፍታዋ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሌሊት ይበርዳል። ወባም ሊኖር የሚችልበት ከፍታ ነው። ስለዚህ ከመነሳትሽ በፊት እዚያው አሜሪካ ያለውን የልጆቹን ሐኪም አማክሪ፣ አልጋው አጎበር እንዳለውም ቀድመሽ ጠይቂ። ለእናትሽም ይህን ንገሪያቸው፣ ልባቸው ያርፋል።

"ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ባለፈው ክረምት ልጆቼ ከፍለውልኝ ከባለቤቴ ጋር አንድ የጫካ ሎጅ ሦስት ሌሊት አደርን። ስሙን አልጠራም። ሙቅ ውሃ በባልዲ ነው የሚመጣው። መብራት 4 ሰዓት ላይ ይጠፋል። ባለቤቴ ካውያ ብትሰካ ግቢው በሙሉ ጨለመና ሠራተኛው ተቆጣን። ሽንት ቤቱ ውሃ የለውም፣ ሰጋቱራ ነው የሚበተንበት። ዋጋው ግን ከከተማ ሆቴል ይበልጣል። ኢኮ ሎጅ ማለት ይሄ ነው?"

ጋሼ፣ በቅድሚያ ስለ ቁጣው እኔ ይቅርታ ልጠይቅዎት። ሰው ከፍሎ መጥቶ፣ ያውም በእርስዎ ዕድሜ፣ ሊቆጡት አይገባም። ነውር ነው። የቀረውን ግን ምክንያቱን ላስረዳዎት።

መብራቱ ከፀሐይ ነው የሚመጣው። ጣራ ላይ ያለው ሶላር ቀን ባትሪ ይሞላል፣ ማታ እሱን እንጠቀማለን። በክረምት ፀሐይ ስለሌለ ባትሪው ግማሽም ሳይሞላ ይመሻል። ክፍልዎ ውስጥ ያለችው አምፖል 5 ዋት ብትሆን ነው። ካውያ ደግሞ ከ1,000 ዋት በላይ ይስባል። ባለቤትዎ ካውያውን ሲሰኩ በአንድ ጊዜ 200 አምፖል እንደማብራት ነው። ባትሪው እንዳይቃጠል መቆጣጠሪያው ራሱ ይዘጋል። የባለቤትዎ ጥፋት አይደለም፤ ሶኬቱ አጠገብ ጽፎ መለጠፍ የሎጁ ሥራ ነበር። እኛ ዘንድ ልብስ የሚተኮሰው በከሰል ካውያ ነበር፣ እንግዳው ይሰጠንና እንተኩስለታለን።

መብራት በጊዜ የሚጠፋበት ሌላም ምክንያት አለ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን በረንዳ ላይ አንድ አምፖል ሌሊቱን ሙሉ እናበራ ነበር። ጠዋት ስጠርግ ከሥሩ የማፍሰው የእሳት ራት እፍኝ ሙሉ ነበር። አንዳንዱ የእጅ መዳፍ ያክላል፣ ክንፉ ላይ ዓይን የመሰለ ነገር ተስሎበታል። ሲዞሩ አድረው ደክሟቸው ነው የሚሞቱት። አንድ ቀን ከመጥረጊያው ላይ አንዱን አንስቼ ሳየው እግሩ ገና ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አምፖሉን አጠፋነው። ሌሊት መውጣት ለሚፈልግ እንግዳ የእጅ ባትሪ እንሰጣለን።

ውሃው የምንጭና የዝናብ ነው፣ በሮቶ ይጠራቀማል። የሚሞቀው በእንጨት ነው። እንጨቱን ከጫካው ከቆረጥን እንግዳው የመጣበትን ነገር እያነደድን ነው። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ከገበሬ እንገዛለን፣ ያም ስለሚቆጠር ባልዲውም ይቆጠራል። ሰጋቱራው ደግሞ፣ ጋሼ፣ መንደሩን ለመጠበቅ ነው። አፈሩ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው። በውሃ የሚለቀቅ ሽንት ቤት ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ታች ያለውን ምንጭ ደግሞ ሰው ይጠጣዋል። ሰጋቱራ ተነስንሶ ክዳኑ ከተዘጋ አይሸትም። ሸትቶ ከነበረ በደንብ አልተያዘም ማለት ነው፣ ቅሬታዎ ትክክል ነው።

ስለ ዋጋው፦ እንግዳ በብዛት የሚመጣው ጥቂት ወር ነው። ደህና ሎጅ ግን ምግብ አብሳዩን፣ ዘበኛውን፣ አስጎብኚውን ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ ይከፍላል። ሠራተኛው የመንደሩ ልጅ ካልሆነ፣ አትክልቱም ከአካባቢው ገበያ ካልተገዛ ግን እርስዎ ለ"ኢኮ" የከፈሉት ገንዘብ ለስሙ ብቻ ነው የሄደው። በሚቀጥለው ልጆችዎ ከመክፈላቸው በፊት ደውለው ይጠይቁ፤ ሙቅ ውሃ በስንት ሰዓት? መብራት እስከ ስንት? ሠራተኞቹ የየት ሰዎች ናቸው? በግልጽ የማይመልስ ሎጅ ጋ አይሂዱ።

"ሐዋሳ ነው የምኖረው። ከጓደኞቼ ጋር ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ልንሄድ አስበን ነበር፣ ግን ፍልሰታ ነው። የጾም ምግብ እናገኛለን?"

እህቴ፣ ካፋ ውስጥ ለጿሚ ምግብ ሞልቷል። ቆጮ በጎመን፣ ሽሮ፣ ድንች፣ የበቆሎ እሸት፣ ማር። ወጡ ውስጥ የሚገባው ኮረሪማና ጥምዝ ከዚያው ጫካ የሚለቀም ነው፤ እጅ ላይ ሲፈተግ ያለው ሽታ ገበያ ከምናገኘው ጋር አይገናኝም። ጨሞም ጠይቂ። ከቡና ቅጠል በቅመምና በበርበሬ የሚፈላ መጠጥ ነው፣ ለብርድ የሚያህለው የለም። ቦታ ስትይዢ ብቻ "ጿሚዎች ነን፣ ስድስት ሰዓት አልፎ ነው የምንበላው" ብለሽ ተናገሪ። ሙስሊም እንግዶችም እንዲሁ ቀድመው ቢነግሩ ጥሩ ነው። ማዕድ ቤቱ ሩቅ ገበያ ነው የሚወጣው፣ ድንገት ሲነገረው ይቸገራል።

"ባልና ሚስት ነን፣ ከአዳማ። እባብ በጣም እንፈራለን። ሌሊት አውሬ ወደ ክፍል ይመጣል?"

አይመጣም። እባብ አለ፣ ግን የእግራችሁን ንዝረት ሲሰማ ብዙ ጊዜ ይሸሻል። እኛ ጋ በአሥራ አንድ ዓመት አንድም እንግዳ አልተነደፈም። ማታ ያለ ባትሪ አትውጡ፣ ጠዋት ጫማችሁን አራግፋችሁ አድርጉ። እንግዳን በእውነት የሚያስቸግሩት ሳማና ጉንዳን ናቸው። ጉንዳን ሰልፍ ሠርቶ መንገድ ሲያቋርጥ ካያችሁ በረጅሙ ተራመዱ፣ ቆማችሁ ፎቶ አታንሱ። የሱሪያችሁን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ሙዝ መስኮት ላይ አትተዉ፣ ጦጣ ይወስደዋል። ካፋ ጫካ ውስጥ ጎሽም አንበሳም አለ፤ ያለ አስጎብኚ ብቻችሁን ጫካ አትግቡ።

"ዱባይ ነው የምሠራው። ዕረፍት ስወጣ የቡና መገኛ ጫካ ውስጥ ገብቼ፣ ከዛፉ በእጄ ለቅሜ፣ እዚያው ቆልቼ መጠጣት ሕልሜ ነው። ጥቂት ችግኝና ነጭ ማርም ይዤ ልመለስ አስቤያለሁ። ጫካው የማንም ስላልሆነ ችግር የለውም አይደል?"

ወንድሜ፣ ሕልምህ ደስ ይላል። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን እናስተካክላት፣ ምክንያቱም እኔም እንዳንተ ነበር የማስበው።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ እንግዶች ይዤ ወጣሁ። ቡናው ቀልቷል። "ልቀሙ፣ ልቀሙ" አልኳቸው። አንዱ እንግዳ ቆቡን ሞላው። ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ወደ ሎጁ መጡ። ተቀመጡ፣ ቡና ቀረበላቸው። አቦል ጠጡ፣ ቶና ጠጡ፣ በረካ ጠጡ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ሲነሱ ነው "ዛሬ የለቀማችሁት የእኔ ኮቦ ውስጥ ነው" ያሉኝ።

ኮቦ ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው የተማርኩት። ካፋ ውስጥ ጫካው በቤተሰብ በቤተሰብ የተያዘ ነው። ከዚህ ጅረት እስከዚያ ትልቅ ዛፍ የእገሌ ነው ይባላል። ቀፎ የሚሰቅለው እሱ፣ ቡናውን የሚለቅመው እሱ፣ ለልጁ የሚያወርሰው እሱ ነው። አጥር የለውም። ሁሉም ግን ያውቀዋል። እንደኔ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ያየው ዛፍ ብቻ ነው።

ጥላ ሥር ያለ የጫካ ቡና እንደ ጓሮ ቡና አያፈራም። ግንዱ ቀጭንና ረጅም ነው፣ ቅርንጫፉ ላይ እዚህም እዚያም ጥቂት ፍሬ ነው ያለው። አንድ ቆብ ሙሉ ማለት የስንት ዛፍ ፍሬ ነው። ገንዘብ ልስጥዎት ብላቸው እምቢ አሉ። "በሚቀጥለው እኔን ጥሪኝ፣ እኔ አስለቅማቸዋለሁ" ብቻ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እንግዳ በመጣ ቁጥር እሳቸው ናቸው የሚወስዱት። ቅርንጫፉን እንዴት ጎንበስ እንደሚያደርጉት ብታይ። በሁለት ጣት ይይዙታል፣ ቀዩን ብቻ ይለቅማሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ቦታው ይመልሱታል። ድንገት አይለቁትም፣ ለከርሞ የሚያብበው ያው ቅርንጫፍ ነዋ።

ስለዚህ ጥቅምት ወይ ኅዳር ላይ ና። ለሎጁ "ባለ ኮቦ አገናኙኝ" በል። ለቅመህ የድካማቸውን ክፈል፤ ቀድመህ ተነጋግረህ የምትከፍለውን ይቀበላሉ። በዝርዝር ብር ያዝ፣ ኔትወርክ ከሌለ ቴሌብር አይሠራም። አንድ ነገር ግን አይሆንልህም፤ በለቀምከው ቀን ቆልተህ አትጠጣም። ቀዩ ፍሬ ፀሐይ ላይ ሳምንታት ደርቆ ጀንፈል መሆን አለበት። ባለቤቶቹ ግን ያደረ ጀንፈል አያጡም። እሱን በሙቀጫ ወቅጠህ፣ አበጥረህ፣ ምጣድ ላይ ቆልተህ በጀበና ታፈላለህ። ይህ ሁሉ ከሰዓት በኋላህን ይይዛል። ዝናብ ቢጥልም ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው።

ችግኙን ተወው። ካፋ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ተፈጥሮው የሚጠበቅበት ክልል ነው፤ ምንም የማይነካበት ዋና ክልል አለው። ዘርና ችግኝ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የተከለከለ ነው። የዱር ቡና ዘር የዓለም ሀብት ነው፣ ሰው የሚቀናበት። ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ቢወጣ መጀመሪያ የሚጎዳው ቅርንጫፉን በሁለት ጣት የሚይዘው ሰው ነው።

ማሩን ግን ግዛ፣ ደስ ብሎህ ግዛ። ነጩ ማር ከጌተም አበባ ነው የሚመጣው። ጌተም ገርሞኝ የማያልቅ ዛፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ መሬት ላይ አይበቅልም፣ ሌላ ትልቅ ዛፍ ላይ ተጣብቆ ይጀምርና ሥሩን ወደ ታች ይልካል። ቀፎዎቹም እንዲሁ ከፍ ያለ ዛፍ ላይ ነው የሚሰቀሉት፣ ባለ ቀፎው በገመድ ነው የሚወጣው። የጌተም ማር የሚቆረጠው ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ ስለሆነ አንተ ኅዳር ላይ ስትመጣ የሚሸጥልህ የተቀመጠ ነው፤ ምንም አይሆንም። ክዳኑን በፌስታልና በፕላስተር ጠቅልለህ ከታች በሚጫነው ሻንጣ ክተተው፣ በእጅ ሻንጣ አያሳልፉህም። ቤት ስትደርስ ረግቶ እንደ ቅቤ ነጭ ሆኖ ብታገኘው "ስኳር ቀላቅለውብኛል" እንዳትል፣ ንጹሕ ማርም ይረጋል። እሳት ላይ አትጣደው። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከነማሰሮው አስቀምጠው፣ ቀስ ብሎ ይፈታል።